ያረጀ ፊልም፣ አዲስ አልበም፦ ለሰብሳቢዎች የሚወጣው የማጀቢያ ሙዚቃ እንዴት ይሠራል?

ፊልሙ ከወጣ 40 ዓመት አልፎታል። ማጀቢያ ሙዚቃውም ያኔውኑ በሸክላ ታትሞ ተሽጧል። በኋላ በሲዲ ተደገመ። አሁን ደግሞ ያው ሙዚቃ በሁለት ሲዲ፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉው» ተብሎ ብቅ ይላል። ጀርባው ላይ «3,000 ኮፒ ብቻ» ተጽፎበታል። አንዳንዱ በቀናት ውስጥ ያልቃል። ሳያገኝ የቀረ ሰው በእጥፍ ዋጋ ከሌላ ሰብሳቢ ይገዛል፣ ወይም ሲራገም ይከርማል።

ከውጭ ለሚያየው ነገሩ የነጋዴ ብልጠት ይመስላል። ብልጠት የለበትም ብዬ አልከራከርም። ግን አልበሙ ለምን አሁን እንደመጣ፣ ለምን 3,000 ብቻ እንደሆነና ውስጡ ምን እንደገባ በአብዛኛው የሚወሰነው ከሙዚቃው ውጪ ባሉ ጉዳዮች ነው። ውል አለ፣ የሙዚቀኛ ክፍያ አለ፣ መጋዘን ውስጥ የተረሳ የቴፕ ክር አለ። እነዚህን ሦስቱን ያወቀ ሰው የአዲስ አልበም ማስታወቂያ ሲያይ ምን እንደቀረበለት በቀላሉ ይገባዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የፊልም አልበም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የዘፈን ስብስብ ነው። ጂም ጃርሙሽ በ2005 ያወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ላይ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ እንሰማለን። ያ ሙዚቃ የተቀረጸው ፊልሙ ከመታሰቡ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። የፊልሙ ሰዎች የሠሩት ነገር ቢኖር ባለመብቶቹን አግኝቶ ፈቃድ መግዛት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ለዚያ ፊልም ብቻ ተደርሶ፣ ኦርኬስትራ ተሰብስቦ፣ ከምስሉ ጋር በሰከንድ ተለክቶ የተቀረጸው ነው። ሰብሳቢዎች ሌሊት እንቅልፍ አጥተው የሚጠብቁት ይሄንን ነው። የእኛም ጉዳይ እሱ ነው።

ድሮ የፊልም ሙዚቃ ከፊልሙ ጋር ያልቅ ነበር። ማንም ሰው ቤቱ ወስዶ ይሰማዋል ተብሎ አይታሰብም። በ1938 የዲዝኒ «ስኖው ኋይት» ዘፈኖች በሸክላ ወጡ። በ1942 ደግሞ ሚክሎሽ ሮዣ ለ«ጃንግል ቡክ» የደረሰው ሙዚቃ በላዩ ላይ ታሪኩ እየተተረከ ለገበያ ቀረበ። ሙዚቃው ብቻውን ይሸጣል የሚል እምነት ገና አልነበረም ማለት ነው።

ረጅሙ ሸክላ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ግን ሸክላ ልክ አለው። አንዱ ገጽ የሚይዘው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ በላይ ሲጨናነቅ ድምፁ ይደክማል። የፊልሙ ሙዚቃ 90 ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደራሲው ይመርጣል። ሁለት አጫጭር ክፍሎችን ያጋጥማል፣ የመጨረሻውን ወደ መጀመሪያ ያመጣል፣ በፊልሙ ላይ ተቆርጦ የቀረውን ዜማ ለአልበሙ ይጨርሰዋል። አንዳንዴ ከነጭራሹ እንደገና ያስቀርጸዋል። የ1975ቱ «ጆውስ» ጥሩ ማሳያ ነው። በዚያ ዓመት የተሸጠው የጆን ዊሊያምስ አልበም ፊልሙ ውስጥ የምንሰማው ቀረጻ አልነበረም። ለአልበሙ ተብሎ እንደገና የተጫወተ ነበር። የፊልሙ ቀረጻ ራሱ በአልበም የወጣው በ2000 ነው። በ2015 ደግሞ ኢንትራዳ የተባለው አሳታሚ ሁለቱንም ጎን ለጎን በሁለት ሲዲ አወጣቸው። እንግዲህ አንድ ሰው «ጆውስ አለኝ» ቢላችሁ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሸክላው ልክ ግን ግማሹ ታሪክ ነው። ሲዲ መጥቶ 70 እና 80 ደቂቃ መያዝ ሲቻል አልበሞቹ ለምን አልረዘሙም? በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የወጡ የሆሊውድ ማጀቢያዎችን ያየ ሰው 30 ደቂቃ ብቻ የያዘ ሲዲ ብዙ ያጋጥመዋል። ሙሉ ዋጋ ከፍለህ ገና ወንበርህን ሳታሞቅ ያልቃል።

ምክንያቱ ክፍያ ነው። በአሜሪካ ስቱዲዮዎች የሚጫወቱ ሙዚቀኞች በማኅበር የታቀፉ ናቸው፣ የአሜሪካ ሙዚቀኞች ፌዴሬሽን ይባላል። ሙዚቀኛው ለፊልሙ ሲጫወት የተከፈለው ለፊልሙ ነው። ያ ቀረጻ ከፊልሙ ወጥቶ አልበም ሲሆን አዲስ አገልግሎት ነው ተብሎ እንደገና ይከፈለዋል። ኦርኬስትራው 90 ሰው ከሆነ 90 ሰው ይከፈለዋል። የሚታሰበውም እንደ ሙዚቃው ርዝመት ነው። ስለዚህ አሳታሚው እያንዳንዷን ደቂቃ በገንዘብ ይለካታል። አልበሙ ስንት ኮፒ እንደሚሸጥ ይገምታል፣ ሂሳቡን ይሠራል፣ 30 ደቂቃ ላይ ያቆማል። ለንደን ውስጥ የተቀረጹ ሙዚቃዎች በሌላ ውል ስለሚሄዱ ብዙ ጊዜ ረዘም ብለው ይወጡ ነበር። አንዳንድ ሰው ያንን አይቶ እንግሊዞቹ ለአድማጭ ያስባሉ ይል ነበር። ጉዳዩ የውል ጉዳይ ነው።

በእኔ እምነት ሙዚቀኞቹ አላጠፉም። በሥራቸው ሌላ ሰው ሲነግድ ድርሻቸውን ጠየቁ፣ በቃ። ችግሩ ሕጉ የተቀረጸው ሚሊዮን ለሚሸጥ አልበም ታስቦ መሆኑ ነው። «ዘ ቦዲጋርድ»ን የመሰለ በአሥር ሚሊዮኖች የተሸጠ የዘፈን አልበም ክፍያውን ይችላል። በ1960ዎቹ ለተሠራ፣ ሁለት ሺህ ሰው ብቻ ለሚፈልገው የካውቦይ ፊልም ሙዚቃ ግን ያው ክፍያ ቢጠየቅ ክሩ እዚያው ይበሰብሳል። ለሙዚቀኛውም ምንም አይደርሰውም።

መፍትሔው የመጣው በድርድር ነው። ለቆዩ ቀረጻዎች፣ በትንሽ ቁጥር ለሚታተሙ እትሞች ቀለል ያለ ክፍያ ተፈቀደ። ሰብሳቢዎች የለመዱት 3,000 የሚለው ቁጥር ሥሩ እዚህ ጋ ነው። ፊልም ስኮር መንዝሊ የተባለው፣ ከመጽሔትነት ተነስቶ አሳታሚ የሆነው ድርጅት አብዛኛውን አልበሙን በዚህ ልክ ነበር የሚያትመው። በዚህ መንገድ እስከ 2010ሮቹ መጀመሪያ ድረስ 250 አልበም አወጣ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በድሮው ሂሳብ ቢሆን ኖሮ መቼም አይወጡም ነበር። ስለዚህ «የተወሰነ ቁጥር» የሚለውን ጽሑፍ ስታዩ ወዲያው አትናደዱ። አልበሙ የተወለደው በዚያ ገደብ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የክፍያው ነገር ተፈታ እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው «ባለቤቱ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። የፊልም ሙዚቃ ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ ተቀጥሮ ስለሚሠራ ቀረጻው የፊልም ስቱዲዮው ነው። የመጀመሪያውን አልበም ያሳተመው የሙዚቃ ድርጅት ደግሞ በአልበሙ ላይ የራሱ መብት አለው። ስቱዲዮው ተሸጦ ይሆናል። የሙዚቃ ድርጅቱም በሌላ ተውጦ ይሆናል። በ2019 ዲዝኒ ፎክስን ሲገዛ የስንት አሥርት ዓመታት ፊልሞች ቀረጻ ባንዴ ባለቤት ቀየረ። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ለትንሽ አሳታሚ ስልክ የሚያነሳለት ሰው መኖሩም ያጠራጥራል። ፊልሙ ውስጥ የሌላ ሰው ዘፈን ካለ ሌላ ፈቃድ ይፈለጋል። ሽፋኑ ላይ የተዋናዩ ፊት ከታየ እሱም ጣጣ አለው። አንዳንድ እትሞች ሽፋን ላይ መልክዓ ምድር ብቻ የምናየው ለውበት ብቻ አይደለም።

መብት ሲቆላለፍ ምን እንደሚፈጠር «ብሌድ ራነር» ያሳያል። ፊልሙ በ1982 ሲወጣ መጨረሻው ላይ የቫንጌሊስ ሙዚቃ አልበም እንደሚገኝ ተጽፎ ነበር። አልበሙ ግን አልወጣም። በምትኩ ሌላ ኦርኬስትራ ሙዚቃውን በራሱ መንገድ ተጫውቶት ለገበያ ቀረበ። አድማጩ የቫንጌሊስን ሲንተሳይዘር ፈልጎ ቫዮሊን ሰጡት። የቫንጌሊስ የራሱ አልበም የመጣው በ1994 ነው፣ ከ12 ዓመት በኋላ። በመሃል በሕገወጥ መንገድ የተቀዱ ኮፒዎች እጅ በእጅ ዞሩ። በ2007 ደግሞ በሦስት ሲዲ ሰፋ ብሎ ወጣ፣ እሱም ቢሆን በፊልሙ ውስጥ ያለውን ሁሉ አልያዘም።

አሁን ወደ ክሩ እንምጣ። ለእኔ የዚህ ሥራ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ውል ተፈርሞ፣ ክፍያ ተስማምቶ፣ መጋዘን ሲከፈት ምንም ላይገኝ ይችላል። የፊልም ስቱዲዮዎች ለረጅም ጊዜ የሙዚቃ ቀረጻን እንደ ሥራ ትርፍራፊ ነበር የሚያዩት። ፊልሙ አልቋል፣ ሙዚቃው ከንግግሩና ከድምፅ ውጤቱ ጋር ተደባልቋል፣ ለብቻው ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል? ኤምጂኤም የተባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የኦርኬስትራ ኖታዎቹን ጠርጎ ለመሬት መሙያ ጥሏቸዋል። እንግሊዛዊው የኦርኬስትራ መሪ ጆን ዊልሰን ብዙዎቹን መልሶ የጻፈው ፊልሞቹን እየደጋገመ በጆሮው በመስማት ነው። በሰኔ 2008 በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ግቢ የተነሳው እሳት ደግሞ የተከማቹ የሙዚቃ ማስተር ክሮችን በላ። የጉዳቱ መጠን ለሕዝብ የታወቀው ኒው ዮርክ ታይምስ በ2019 ሲጽፈው ነው።

ክሩ ቢገኝም ጤነኛ ላይሆን ይችላል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የፊልም ሙዚቃ ብዙ ጊዜ የሚቀረጸው ማግኔት በተቀባ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ነበር፣ በሦስት ቻናል። የዚህ ፊልም መሠረቱ አሲቴት ሲሆን እያረጀ ሲሄድ አሲድ ያወጣል። ቆርቆሮው ሲከፈት የሆምጣጤ ሽታ ይመታል። ፊልሙ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ማጫወቻው ላይ መቀመጥ እምቢ ይላል። አንዱ ሮል ሲጀምር አጠገቡ ያሉትም ይከተላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው እሽቅድምድም ነው።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩ ክሮች ሌላ በሽታ አላቸው። ማግኔቱን ከፕላስቲኩ ጋር የሚያጣብቀው ኬሚካል ከአየር እርጥበት እየጠጣ ይሟሟል። ክሩን ስታጫውተው ይጣበቃል፣ ይንጫጫል፣ ሙዚቃውን የያዘው ሽፋን እየተላጠ ማሽኑ ላይ ይቀራል። አንዴ ከተላጠ መመለሻ የለውም። መድኃኒቱ የሚገርም ነው፦ ክሩን መጋገር። በዝቅተኛ ሙቀት፣ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ለብዙ ሰዓታት እርጥበቱ እስኪወጣ ይቆያል። ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ጤነኛ ይሆናል። በዚያች ፋታ ወደ ዲጂታል ይገለበጣል። ይሄ ግን ለሁሉም ክር አይሠራም። የሆምጣጤ ሽታ ያለውን አሲቴት ብትጋግሩት የተረፈውንም ታጠፉታላችሁ።

ጥሩው ቅጂ ጨርሶ ሲታጣ አዘጋጁ ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ አማራጭ ይሄዳል። ደራሲው ለራሱ ቤት የወሰደው ኮፒ ይኖር ይሆን? ለውጭ አገር ንግግር መተኪያ የተዘጋጀው፣ ሙዚቃና ድምፅ ውጤት ብቻ ያለበት ክርስ? አንዳንድ አልበም ላይ ዋናው ክፍል በጥርት ያለ ስቴሪዮ ሆኖ መሃል ላይ አንድ ትራክ በድንገት ሞኖ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሐቀኛ አሳታሚ ይህንን ከሲዲው ጋር በሚመጣው ትንሽ መጽሐፍ፣ ቡክሌቱ ላይ ይጽፋል። አንዳንዴ በመጨረሻው ላይ «የድምፅ ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው» ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል።

ምንም ካልተገኘ ሙዚቃውን እንደ አዲስ ማስቀረጽ ይቻላል። የኦርኬስትራ መሪው ቻርልስ ገርሃርት ከ1972 ጀምሮ በለንደን ከናሽናል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር የድሮ የሆሊውድ ሙዚቃዎችን በተከታታይ ሲቀርጽ ብዙ ሰው ያንን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥሩ ድምፅ ሰማው። ከዚያ ወዲህ የፕራግ ከተማ ፊልሃርሞኒክ በዚህ ሥራ ስሙ ታውቋል። እንደገና የተቀረጸውን የሚንቁ ሰብሳቢዎች አሉ። «ፊልሙ ውስጥ ያለው እሱ አይደለም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አይደለም። ግን በወረቀት ብቻ የቀረ ሙዚቃ ለጆሮ ምን ይፈይዳል?

ክሮቹ ተገኝተው፣ ተገልብጠው፣ ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጡ በኋላ እንቆቅልሹ ይጀምራል። የፊልም ሙዚቃ እንደ አልበም ትራክ ስም የለውም። ቁጥር ነው ያለው፣ «5ኤም2» የሚል ዓይነት። አምስተኛው የፊልም ሮል፣ ሁለተኛው ሙዚቃ ማለት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ጊዜ ተጫውቶ ይቀረጻል። ዳይሬክተሩ መሃል ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ደራሲው ሌላ ሲጽፍ ያ ሌላ ቁጥር ይጨመርበታል። ሙዚቃው ከተቀረጸ በኋላ ፊልሙ እንደገና ሲቆረጥ ሙዚቃውም አብሮ ይቆረጣል። ስለዚህ አዘጋጁ የሚያገኘው በመቶ የሚቆጠር ቁርጥራጭ ነው። ፊልሙን እያየ፣ ኖታውን እያነበበ፣ ከቀረጻው ቀን ማስታወሻ ጋር እያመሳከረ ይገጣጥመዋል። የጆን ዊሊያምስን ሙዚቃዎች በዚህ መልክ መልሶ በማዘጋጀት የታወቀው ማይክ ማተሲኖ ነው። ሰብሳቢዎች የእሱን ስም ጀርባው ላይ ካዩ ብዙም አይጠይቁም።

እዚህ ላይ ነው አስገራሚው ነገር የሚወጣው። ፊልሙ ላይ ያለው ሙዚቃ ደራሲው ካሰበው በጣም ሊለይ ይችላል። የ1979ኙን «ኤሊየን» ውሰዱ። ጄሪ ጎልድስሚዝ ለመክፈቻው ሰፋ ያለ፣ ምስጢር የተሞላ ዜማ ጻፈ። አልተወደደም፣ ቀዝቀዝ ያለ ሌላ እንዲጽፍ ተደረገ። ፊልሙ ሲወጣ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ላይ የእሱ አዲስ ሙዚቃ ተነስቶ በ1962 ለ«ፍሮይድ» ከጻፈው ተወስዶ ገብቷል። መጨረሻው ላይ የሌላ ደራሲ፣ የሃዋርድ ሃንሰን ሲምፎኒ ተተክቷል። ፊልሙን መቶ ጊዜ ያየ ሰው እንኳ ጎልድስሚዝ ያሰበውን አልሰማም። በ2007 የወጣው የኢንትራዳ ባለ ሁለት ሲዲ እትም የመጀመሪያውንም የተለወጠውንም ይዞ መጣ። አድማጩ ራሱ ያወዳድራል።

ከዚህ የባሰም አለ። ሙሉ ሙዚቃ ተቀርጾ ከነጭራሹ የተጣለበት ጊዜ አለ። አሌክስ ኖርዝ ለስታንሊ ኩብሪክ «2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ሙዚቃ ደረሰ፣ አስቀረጸም። ፊልሙ በ1968 ለእይታ ሲበቃ አንድም ኖታው አልነበረበትም። ኩብሪክ ለጊዜው ብሎ ያስገባቸውን የክላሲካል ሙዚቃዎች እዚያው ተዋቸው። ኖርዝ ይህን ያወቀው ፊልሙን ቁጭ ብሎ ሲያይ ነው። በ1991 አረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጓደኛው ጎልድስሚዝ ሙዚቃውን በሌላ ኦርኬስትራ አስቀረጸው። በ2007 ደግሞ የራሱ የኖርዝ ቀረጻ በ3,000 ኮፒ ወጣ። ሰብሳቢነት ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው እኔ የምጠቅስለት ይሄንን አልበም ነው። ኩብሪክ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ክርክር ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሯችን መክፈት ቻልን።

ነገሩ ወደ ማጋነን የሚሄድበትም ጊዜ አለ። በ1997 የወጣው የ«ስታር ዋርስ» እትም አንደኛው ሲዲ መጨረሻ ላይ ያው የመክፈቻ ሙዚቃ ደጋግሞ የተቀረጸባቸው በርካታ ሙከራዎች ተራ በተራ ተደብቀው ተቀምጠዋል። ያንን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ሰው አለ፣ በደንብ አለ።

ታዲያ «ሙሉው» ሁልጊዜ ይሻላል? ሲበዛ ማር ይመራል። ፊልም ላይ በሩ ሲከፈት የምትሰማ የ20 ሰከንድ ሙዚቃ ብቻዋን ስትሆን ምንም አትልም። ለውጥረት ተብሎ ስድስት ጊዜ የተደጋገመ ሐረግ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ለሚሰማ ሰው ያሰለቻል። የድሮው የ40 ደቂቃ አልበም ደራሲው ራሱ አስቦ ያዋቀረው ነው። መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ አለው። ስለዚህ እኔ የምመርጠው እትም ሁለቱንም የያዘ ነው፦ በአንዱ ሲዲ የፊልሙ ቅደም ተከተል፣ በሌላው የድሮው አልበም ሳይነካ። ሙሉው ራሱ የሚሸከመው ሙዚቃ እንዳለ አልክድም። የሃዋርድ ሾር «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ከ2005 እስከ 2007 ድረስ በሦስት ሳጥን፣ በ10 ሲዲ ወጣ። ዜማዎቹ ከፊልም ፊልም እየተሻገሩ ስለሚያድጉ ርዝመቱ ዓላማ አለው። ያ ግን ብዙ አይገኝም።

ማን ነው የሚያወጣቸው? በአሜሪካ በኩል በ1978 የተመሠረተው ቫሬዝ ሳራባንዴ አለ። በ1989 የጀመረው የሲዲ ክለቡ በቁጥር የተወሰኑ እትሞችን ለሰብሳቢ በቀጥታ ይሸጥ ነበር። ኢንትራዳ በ1985፣ ላላ ላንድ ሬኮርድስ በ2002 ተመሠረቱ። በአውሮፓ የስፔኑ ኳርቴትና የፈረንሳዩ ሚዩዚክ ቦክስ አሉ። ትልልቅ የሚመስሉት እነዚህ ስሞች አብዛኞቹ በጥቂት ሰዎች የሚንቀሳቀሱ ቤቶች ናቸው። ኢሜይላችሁን የሚመልሰው ሰውዬ ራሱ አልበሙን ያዘጋጀው ሊሆን ይችላል።

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ገደቡ የግድ 3,000 አይደለም። በ2012 የወጣው ባለ ሦስት ሲዲ «ስታር ትሬክ፡ ዘ ሞሽን ፒክቸር» 10,000 ነበር የታተመው። ሌሎቹ 1,000 ብቻ ይሆናሉ። ቁጥሩ ከስቱዲዮው ጋር በተፈረመው ፈቃድ ላይ የሰፈረ ጣሪያ ነው። ያ ካለቀ አሳታሚው በዚያው ውል ደግሞ ማተም አይችልም። ለዚህ ነው «ሰው ፈልጎ እያለ ለምን አያትሙም?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የማያገኘው። እነሱም አልጠሉም፣ አልተፈቀደላቸውም።

አየር በአየር ነጋዴዎች የሚገቡት በዚህ ክፍተት ነው። ሦስት አራት ኮፒ ገዝተው ያስቀምጣሉ። ሲያልቅ ዋጋ ይቆልላሉ። ግን ይህ ቁማር ነው። ከዓመታት በኋላ ሌላ አሳታሚ አዲስ ፈቃድ አግኝቶ ከተሻለ ክር የተሻለ እትም ያወጣል፣ በዚያን ዕለት የድሮው ኮፒ ዋጋ ይወድቃል። ገንዘብ ለማትረፍ ብሎ ማጀቢያ ሙዚቃ መሰብሰብ አይመከርም። ለመስማት ከሆነ ደግሞ ትንሽ መታገሥ ኪስን ያድናል።

ማስታወቂያ ስታነቡ ቃላቱን ለዩ። «ሪማስተር» ማለት ያው የድሮው አልበም ድምፁ ተስተካክሎ ማለት ነው። አዲስ ሙዚቃ የለበትም። አንዳንዴ የተደረገው ማስተካከያ ጩኸቱን መጨመር ብቻ ነው፣ ለኦርኬስትራ ደግሞ ያ ጉዳት ነው። ለስለስ ያለው ክፍልና የሚያስደነግጠው ክፍል እኩል ይሆናሉ። «ሪሚክስ» ከሆነ ወደ መጀመሪያው ባለ ብዙ ቻናል ቀረጻ ተመልሰው ቫዮሊኑን፣ ከበሮውን፣ ጡሩንባውን እንደገና አመጣጥነውታል። ይሄ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። «የተስፋፋ» ሲሉ ያልተሰማ ሙዚቃ ተጨምሯል፣ ግን ሁሉም ላይሆን ይችላል። «አማራጭ» የተባሉት ትራኮች ፊልሙ ላይ ያልገቡ ሌሎች ቅጂዎች ናቸው። ፊልሙ ውስጥ ተዋናዮቹ ራሳቸው የሚሰሙት፣ የሬዲዮ ወይም የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ለብቻው ይቀመጣል። ከሁሉም በፊት ግን የድምፁ ምንጭ ምን እንደሆነ ፈልጉ። ከየትኛው ክር እንደተገለበጠ የማይናገር እትም ላይ እኔ አልቸኩልም።

ስለ ሸክላ ብዙ አልልም። ባለ ቀለም ሸክላዎች ያምራሉ፣ ሥዕላቸውም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ብዙዎቹ የታተሙት ለሲዲውም ከተዘጋጀው ዲጂታል ቅጂ ስለሆነ በድምፅ ተአምር መጠበቅ አያስፈልግም። ደግሞም ረጅም የፊልም ሙዚቃ በየ20 ደቂቃው ተነስቶ ማገላበጥን ይጠይቃል። ለሚወደው ሰው ደስታው እሱው ነው።

«ለምን በስልኬ አላገኘውም?» ለሚል ደግሞ መልሱ ያው ውል ነው። ትንሹ አሳታሚ ያገኘው ፈቃድ ብዙ ጊዜ ለሲዲ ብቻ ነው። የዲጂታል መብቱ ስቱዲዮው ወይም የመጀመሪያው የሙዚቃ ድርጅት ጋ ይቀራል። እነሱ ደግሞ የሚለጥፉት በእጃቸው ያለውን የድሮውን የ30 ደቂቃ አልበም ነው። ሙሉው እትም ወደ ስልክ የሚመጣው ባለመብቱ በራሱ ጊዜ ሲወስን ነው። በመጣም ጊዜ ቡክሌቱ አብሮ አይመጣም፣ የትኛው ትራክ ከየትኛው ክር እንደተወሰደና ፊልሙ ላይ ለምን እንደተቆረጠ የሚነግራችሁ ደግሞ እሱ ነበር።